እኔና ያልደረሰው ስእለቴ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዕዳዬ ነው። የባንክ ዕዳ አይደለም፤ ለእኔ ዓይነቱ ጋዜጠኛ የሚያበድር ባንክ ገና አልተከፈተም። የእቁብም አይደለም። ዕዳዬ የስእለት ነው። አበዳሪዬ ማስጠንቀቂያ አይጽፍም፣ ወለድ አይቆጥርም፣ ዋስ አይጠራም። የሚጨቀጭቁኝ ሁለት ናቸው፦ አንዱ ኅሊናዬ፣ ሌላዋ ቆቦ ያለችው አያቴ። ከሁለቱ አያቴ ትብሳለች።

«እምዬ» ነው የምላት። በየወሩ በ16 ጠዋት ትደውልልኛለች። ሰላምታዋ ረጅም ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ባል (እዚህ ላይ ኔትወርኩ ሁልጊዜ ይቆራረጥብኛል) አንድ በአንድ ትጠይቃለች። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ ታደርግና «ዛሬ እኮ ኪዳነ ምሕረት ናት» ትላለች። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጨምርም። እኔም «አውቃለሁ እምዬ» እላለሁ። ሁለታችንም ምን እንደተባባልን እናውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ መንገድ ተቆረጠ። እኔ አዲስ አበባ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ስለ አምስቱ ጥያቄዎች እንማራለን፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። እኔ ስለ ገዛ ቤተሰቤ አንዱንም መመለስ አልችልም። በቀን ሃያ ጊዜ እደውላለሁ። ያቺ የማትደክም የቴሌ ሴትዮ በዚያው ድምጿ «ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። አንዳንዴ ድምጿን ለመስማት ብቻ ሁሉ እደውል ነበር። ቢያንስ አንድ ሰው ያነሳል።

ከዚያ ጳጉሜ መጣ። ጳጉሜ 4 ቀን ቆቦ ውስጥ የሆነውን በወሬ ወሬ ሰማን። በኋላ በዚያው በ2014 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ በዚያች አንድ ቀን ከተማዋ ውስጥ የተገደሉ 23 ሰዎችን ቆጥሯል። እኔ ግን ያኔ ቁጥርም ስምም አልነበረኝም። ጭንቀት ብቻ ነበረኝ። መስከረም 16 ቀን ገና ሳይነጋ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። ካህናቱ ኪዳን እያደረሱ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ እንዲህ ብዬ ተሳልኩ፦ «የእምዬን ድምፅ አሰሚኝ እንጂ ቆቦ ሄጄ ፍልሰታን ከእሷ ጋር እጾማለሁ፤ በ16 ከሴቶቹ ጋር ሶለል እወጣለሁ፤ ያገኘሁትንም ለቤተ ክርስቲያንሽ አስገባለሁ።»

ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ተለቀቀች። ስልኩ ሲመለስ የመጀመሪያው ጥሪ ከእምዬ ነበር። ያለችኝ ቃል «በልተሻል?» የሚል ነው። አራት ወር ሙሉ ማሽላ ቀቅላ የከረመች ሴት፣ አዲስ አበባ ቁጭ ያለችውን ልጅ በልተሻል ወይ ትላለች። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ስእለቴ ሰመረ ማለት ነው።

እኔ ግን እስከዛሬ አላደረስኩም።

*

ሶለልን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። ፍልሰታ በ16 ሲፈታ ሰሜኑ በሙሉ በልጃገረድ ይሞላል። ሰቆጣ ላይ «ሻደይ» ይሉታል፣ ላሊበላ ላይ «አሸንድዬ»፣ ትግራይ ውስጥ «አሸንዳ»። እኛ ራያ ቆቦዎች «ሶለል» እንለዋለን። ወገብ ላይ የሚታሰረው ለምለም ሣር ያው ነው፤ ሲጨፈር ግራ ቀኝ የሚወናወነው። ፀጉር ይሠራል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ኩል ይኳላል፣ ቀሚስ ይወጣል። ጉዞው በቤተ ክርስቲያን ይጀመርና ከበሮ ይዞ ቤት ለቤት ነው። ባለቤቱ የአቅሙን ይሰጣል፤ ካልሰጠም የሚዘፈንበትን ይችላል። በልጅነቴ አንድ ቆንቋና ሱቀኛ ላይ የዘፈንነው ትዝ ይለኛል፤ ሰውየው እየሳቀ ከረሜላ በጣሳ ይዞ ወጣ።

ታዲያ ሶለል ከየት መጣ ስትሉ አባቶች ሦስት ታሪክ ይነግሯችኋል። አንደኛው የኖኅ ነው። ርግቧ ውኃው መጉደሉን በለምለም ቅጠል አበሠረች፤ ወገባችን ላይ ያለው ሣር የዚያ ምሳሌ ነው ይላሉ። ሁለተኛው የዮፍታሔ ልጅ ነች። አባቷ ከጦርነት በድል ከተመለስኩ ከቤቴ መጀመሪያ የሚቀበለኝን ለእግዚአብሔር አቀርባለሁ ብሎ ተሳለ፤ ከበሮ ይዛ እየዘፈነች የወጣችው አንድዬ ልጁ ሆነች። መጽሐፈ መሳፍንት እንደሚለው የእስራኤል ልጃገረዶች በየዓመቱ አራት ቀን ያስቧት ነበር። ሦስተኛው የእመቤታችን ዕርገት ነው።

ልጅ ሳለሁ እነዚህ ሦስቱ ለምን አንድ ላይ እንደተጠረዙ አይገባኝም ነበር። አሁን ሳየው አንደኛው እግዚአብሔር ለሰው የገባው ቃል ነው። ሁለተኛው ሰው ለእግዚአብሔር የገባው ቃል፤ ያውም ሳያስብ የገባው። ሦስተኛው ሁለቱ የሚታረቁባት ናት። ኪዳን፣ ስእለት፣ ኪዳነ ምሕረት። እኛ ይህን ሁሉ ሣር አስረን እንጨፍርበታለን።

በነገራችን ላይ ኖኅ ራያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰብ ነበር። ቆላችን ሜዳ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ በምዕራብ የላስታ ደጋ። ሜዳው ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻውን አያጠግብም። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ እነ ጎሊናና ሆርማት ደፍርሰው ይወርዳሉ፤ ገበሬው በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ ጎርፉን ማሽላው ውስጥ ይለቀዋል። ደለሉ ማዳበሪያው ነው፣ እርጥበቱም እስከ መኸር ያደርሰዋል። ዛሬ በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማውም ብዙ ነው፤ የአያቴ ማሳ ግን እስከዛሬ ጎርፍ ጠባቂ ነው። ሌላው ዓለም ጎርፍ እንዳይመጣ ይጸልያል፤ እምዬ እንዲመጣ ትጸልያለች። «ታዲያ እግዜር ለኖኅ ዳግመኛ ጎርፍ አላመጣም አላለውም?» ብዬ በልጅነቴ ስጠይቃት፣ «አላጠፋም አለ እንጂ አላጠጣም አለ?» አለችኝ። ጋዜጠኝነት ብትማር ኖሮ የት በደረሰች!

ዝናቡ ሲያባራ ዞብል ላይ የሚዘረጋውን ቀስተ ደመና ደግሞ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «የማርያም መቀነት» እንለዋለን። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ የኖኅ ኪዳን ምልክት የሆነውን ቀስት፣ አንድ ስሙ የማይታወቅ አባት ወይም እናት ወስዶ የድንግል መቀነት አደረገው። ሁለቱን ኪዳን በአንድ ስም ጠቀለለው። መምህራን ከአዳም እስከ ኪዳነ ምሕረት ሰባት ኪዳን ብለው ቆጥረው ያስተምራሉ። ያቺ መቀነት ብላ የሰየመችው ሴት (ሴት መሆኗን እወራረዳለሁ) ሳትቆጥርም ገብቷታል።

*

የካቲት 2015 ቆቦ ሄድኩ። ስምምነቱ ጥቅምት 23 ቀን ፕሪቶሪያ ላይ ተፈርሞ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ደሴን፣ ወልድያን አልፎ አውቶቡሱ ቆቦ ሲገባ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ግመሎቹ እንደ ድሮው አስፋልቱ ላይ ማንንም ሳይፈሩ ይንጎራደዳሉ። ግድግዳው ላይ ግን ድሮ ያልነበሩ ቀዳዳዎች አሉ።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። የዚያን ቀን የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው፤ ሰው በላው ሰው። ይህ ሰው ጽድቅ ቢፈለግበት አንድም አልተገኘም፤ አንድ ቀን ግን ለአንድ ውኃ የጠማው ድኻ በማርያም ስም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ ነበር፤ በዚያች ጥርኝ ውኃ ማርችው ተባለ። ከተማ ሆኜ ስሰማው ታሪኩ ያስቀኝ ነበር። ጥርኝ ውኃ ምን አላት? ማሰሮ ተሸክሞ ወንዝ በሚወረድበት ቆላ ግን ጥርኝ ውኃ ቀልድ አይደለም።

ያን ዕለት ማታ እምዬ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። የጽዋ ማኅበር አላት፤ በወር በ16 የሚጠጣ፣ ተራው እየዞረ ጽዋው ከቤት ቤት የሚሄድ። ጽዋውን የተረከበ ሰው ቀኑ ሲደርስ ደግሶ ያስረክባል። ጥቅምት 2014 ተራው የእሷ ነበር። ከተማዋ በጦር እጅ ናት፤ መብራት ስለሌለ ወፍጮ ቤት ቆሟል፤ ጌሾ የለም፤ ጤፍ በዓይን አይታይም። ለመውጣት ራሱ ያስፈራል። «ታዲያ ዝም አላልሽም?» አልኳት። «ጽዋው እኮ እኔ ቤት ነው» አለችኝ። እንደዚህ በአጭሩ። ማሽላ ቀቀለች። ከአሥራ ሁለቱ ማኅበርተኛ በጓሮ በጓሮ የመጡት ሰባት ናቸው። ቄሱም መጡ። ንፍሮው ተባረከ። ጠላ ስለሌለ ጽዋው ውስጥ ውኃ ተቀድቶ ዞረ። ሁሉም ጥርኝ ጥርኝ ጠጥተው፣ ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ጽዋውን በነጠላ ጠቅልለው አስረክበው ተበተኑ።

ይህን ስትነግረኝ የእኔ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ስልክ ሲመለስ አልቅሼ፣ ፌስቡክ ላይ «ተመስገን» ብዬ ለጥፌ፣ ሁለት መቶ ምናምን «ላይክ» ሰብስቤ ወደ ፈተናዬ ተመለስኩ። እነሱ ግን ምንም ሳይመለስላቸው ጽዋውን አዙረዋል።

ከሰባቱ አንዷ ጎረቤታችን ናት። እትዬ ነው የምላት። የዚያ ጳጉሜ ልጇን ወስዶባታል። እሷም ተስላ ነበር፤ እንደ እኔ፣ እንደ እምዬ፤ ለዚያችው ለኪዳነ ምሕረት። እምዬ «ልጄን ካሳየሽኝ ጥላ አስገባለሁ» ብላ ነበርና በበዓሉ ቀን ጥላዋን ይዛ እልል እያለች ስትገባ እትዬ አጠገቧ ቆማ ነበር። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ። «ስእለት ሰሚዋ» ብዬ እንዳልጮህ እትዬ አለች፤ ዝም እንዳልል እምዬ አለች። ስእለት ከሰመረለት ሰው ይልቅ ያልሰመረለት ሰው አጠገብ መቆም እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አየሁ። የእኔ አያት ተርፋ የእሷ ልጅ ያልተረፈው እኔ በደንብ ስለለመንኩ ነው? እንደዚያ ብሎ የሚያምን አንደበት የለኝም።

ማታ ላይ የሙያ ልክፍቴ ተነሳና ጠየቅኳት። «እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ስእለትዎ ሳይሰማ ለምን ይዘክራሉ?»

እምዬ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። እትዬ ግን አልተቆጣችም። «ስእለቱ የእኔ ነበር፤ አልሆነም» አለች። «ኪዳኑ የእሷ ነው። እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው። የእኔ ስእለት ቀረ ብዬ እሱን ላፍርሰው?» ትንሽ ዝም ብላ ቆይታ ደግሞ «አኩርፌያታለሁ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ጧፍ አላበራሁላትም። ጠላውን ግን እጠምቃለሁ። ያኮረፈ ሰው ቤት ጥሎ ይሄዳል?» አለች።

እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ዘጋሁ።

*

አዲስ አበባ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ጴንጤ ናት (ራሷን እንዲህ ብላ ነው የምትጠራው፤ እኔን እንዳትወቅሱ)። መዘምራን ውስጥ አለችና ቅዳሜ ማታ ቤታችን የመዝሙር ልምምድ ነው። የእትዬን ነገር ስነግራት መጽሐፍ ቅዱሷን አወጣች። «ያዕቆብን አስታውሺ» አለችኝ። ያዕቆብ ቤቴል ላይ ድንጋይ ተንተርሶ ሲተኛ እግዚአብሔር «ካንተ ጋር ነኝ፣ ወደዚህች ምድር እመልስሃለሁ» ይለዋል። ምንም «ከሆነ» የለበትም። ያዕቆብ ሲነቃ ግን «ከእኔ ጋር ከሆነ፣ እንጀራና ልብስ ከሰጠኝ፣ በደኅና ከመለሰኝ» እያለ ይሳላል። «አየሽ፣ የሰጠውን ነው መልሶ በቅድመ ሁኔታ የሚጠይቀው» አለችኝ።

ለእኛ ለሁለታችንም የገባን ይህ ነው፤ በሃይማኖት ባንስማማም። ኪዳን ከላይ የሚመጣ ነው፤ «ከሆነ» የለውም። አምልኮ ደግሞ የእኛ መልስ ነው። አብርሃም ተስፋውን በሰማበት ቦታ መሠዊያ ሠራ፤ ምድሪቱን ገና አልተረከባትም፤ ልጅም አልነበረውም። መልሱ ከስጦታው ቀደመ። ሙሴ የኪዳኑን መጽሐፍ ሲያነብላቸው ሕዝቡ ሁሉ እግዚአብሔር ያለውን ሁሉ እናደርጋለን ብለው ነበር፤ አርባ ቀን ሳይቆዩ ጥጃ ሠሩ። እኔ የማን ወገን እንደሆንኩ መቼም ገብቷችኋል። ወርቅ ስለሌለኝ ነው ጥጃ ያልሠራሁት።

ስእለት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ለጨነቀው ሰው የሚይዘው ገመድ ነው፤ እኔም ይዤው ተርፌያለሁ። ግን ስእለት ብቻውን ሲቀር ንግድ ይመስላል፤ ሰጠሽኝ ሰጠሁሽ። ካልሰጠሽኝስ? ያን ጊዜ ሱቁ ይዘጋል። የእትዬ ሱቅ ያልተዘጋው ሱቅ ስላልነበረ ነው።

ታዲያ አንቺስ ለምን አላደረስሽም? ልትሉኝ ነው። ምክንያት አለኝ፤ ሰበብም አለኝ። ፍልሰታ 2014 ላይ «ሥራ ጀማሪ ነኝ፣ ፈቃድ አይሰጡኝም» አልኩ። ሳልጠይቅ ነው። የዚያ ዓመት ሶለል እንደተጀመረ፣ ነሐሴ 18 ጦርነቱ በዚያው በቆቦ አካባቢ እንደገና ፈነዳ፤ ነሐሴ 21 ከተማዋ ዳግም ተያዘች። ስልክ እንደገና ጠፋ። እኔም እንደገና እንጦጦ ወጣሁ፤ ግን በምን አፌ ልሳል? የድሮውን ሳልከፍል አዲስ ብድር! ዝም ብዬ ቆሜ ተመለስኩ። በሕይወቴ ያለ «ከሆነ» የጸለይኩት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

በ2015ም ቁርጤን ነበርኩ። ፈቃድ ወስጄ፣ ቀሚስ አሰፍቼ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን ክልሉን የሚመለከተው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገዱም ልቤም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ «ሲረጋጋ» እላለሁ። «ሲረጋጋ» ደስ የሚል ቃል ነው፤ ቀን የለውም።

ባለፈው 16 እምዬ ስትደውል እኔው ቀደምኳት። «እምዬ፣ ቄሱን ጠይቂልኝ፤ እዚሁ ባደርሰውስ?» አልኳት። ከሁለት ቀን በኋላ መልሱ መጣ። ቄሱ «ገንዘቡንና ጾሙን ካለችበት ታድርስ፤ ኪዳነ ምሕረት አገር የላትም» ብለዋል። እምዬ ግን የራሷን ጨመረችበት። «እሱ የቄሱ ነው። የእኔ ደግሞ፣ ሶለሉን እዚህ ነው የምትወጪው። ጉልበቴ እስከዚያ ይቆይ አይቆይ አላውቅም፤ ከበሮውን ግን ለእትዬ አደራ ብያለሁ።»

«ለእትዬ?» አልኳት።

«አዎ። እመታላታለሁ ብላለች።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ልጇን ያጣች፣ ጧፍ አላበራም ብላ ያኮረፈች ሴት፣ የእኔን የሰመረ ስእለት ከበሮ ልትመታልኝ ተዘጋጅታለች። እኔ ደግሞ ፈቃድ እየቆጠርኩ ነው።

ስለዚህ ውሳኔዬን እዚህ እናንተ ፊት እጽፈዋለሁ፤ ምስክር ይሁነኝ። በየወሩ በ16 ለኪዳን እንጦጦ እወጣለሁ፤ ጸበል ለሚጠመቁት በሽተኞች ውኃ የሚቀዳ ሰው አይጠፋምና ከእነሱ ጋር እቀዳለሁ። ይህ ስእለት አይደለም፤ «ከሆነ» የለበትም። ለሶለል ደግሞ ቀሚሱ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ከ2015 ወዲህ ትንሽ ወፍሬያለሁና ጎኑን ማስፋት ሳያስፈልገኝ አይቀርም። የመጣው ነሐሴ መንገዱ ካስኬደ ቆቦ ነኝ።

እናንተም ያልደረሰ ካለባችሁ ዘንድሮ አስቡበት። በ16 ጠዋት ስልካችሁ ቢጮህ ደግሞ አንሱ፤ አያት ልትሆን ትችላለች።